የተረገዘበት ልጅ

እናቴ ወንድሜን ቂርቆስን ጠላችው ብዬ ያመንሁት የእሬቱን ቅጠል በእጇ ያየሁ ዕለት ነው። ከጓሮ ቆርጣ አመጣችው፤ ከምሰሶው ሥር ተቀምጣ ለሁለት ሰነጠቀችውና የሚዝለገለገውን ውስጡን የጡቷ ጫፍ ላይ ትለቀልቀው ጀመር። አንዱን ስትጨርስ ወደ ሌላው ዞረች። ቂርቆስ ገና ዓመት ተመንፈቁ ነው፤ እየተንገዳገደ መጣና ጭኗ ላይ ወጣ፤ እንደ ባለንብረት የቀሚሷን አንገት ገለጥ አድርጎ ጎረሰ። ወዲያው ተፋው። እሷን አየ፤ እኔን አየኝ፤ ደግሞ ሞከረ። ከዚያ በኋላ ያለቀሰው ልቅሶ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

እኔ ያኔ ሰባት ዓመቴ ነው። ሰባት ዓመት የሆናት ልጅ ደግሞ የማታውቀው ነገር የለም። በእኔ ፍርድ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ እናቴ አዲስ ልጅ ልትወልድ ነው፤ አሮጌው አስጠላት።

ስለ አዲሱ ልጅ የሰማሁት ከአያቴ ነው። የአባቴ እናት እማማ አስካለ ማርያም ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር፤ እንዲያውም እውነቱን ለመናገር እኛ ነበርን ከእሳቸው ጋር የምንኖረው። ቤታችን ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ከሚወስደው አስፋልት ወጣ ብሎ ነው። በዚያ ሰፈር ያለ ልጅ ሁሉ እትብቱ የተቆረጠው በእማማ አስካለ እጅ ስለነበር ስለ ሴት ሆድ እሳቸው ከተናገሩ በኋላ ሌላ ሰው አይናገርም። ቄሱ እንኳ ሚስታቸው ስታምጥ እሳቸውን አስጠርተው ደጅ ቆመው ነበር የሚጠብቁ።

በዚያ ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ እናቴ ቂርቆስን አዝላ የወንድሟን በቆሎ ልታርም ቆላ ወርዳ ሰንብታ ተመለሰች። በተመለሰች ሰሞን የጎረቤት ኑግ ሲቆላ ሽታው ቢመጣባት ሮጣ ወጥታ አጥሩ ሥር አስመለሳት። በማግስቱም እንደዚያው ሆነች። ፀሐይ ላይ ተቀምጣ በጋቢ ተጠቅልላ ትንቀጠቀጣለች። እማማ አስካለ መጥተው ዓይኗን ገልጠው አዩ፤ እጃቸውን በቀሚሷ ሥር ሰደው ሆዷን ደባበሱ።

"በቃ፣ ተረገዘበት" አሉ።

"ኧረ እኔስ እንጃ እማማ" አለች እናቴ፣ ቀስ ብላ። "ከወለድሁ ወዲህ የወር አበባዬን እንኳ አላየሁ።"

"ሳታይም ይጸነሳል። እኔ ክንዱን የጸነስሁት መች አይቼ ነው? አንቺ ልጅ፣ ምኑን ታስተምሪኛለሽ!"

እናቴ ሳቅ ብላ አንገቷን ደፋች። ክንዱ ማለት አባቴ ነው። እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እህት ሊመጣልኝ ነው። ስም እንኳ አወጣሁላት፤ አደይ አልኋት።

ዛሬ ሳስበው እናቴን የያዛት ወባ ነበር። ከቆላ የወጣ ሰው ሲያንቀጠቅጠውና ሲያስመልሰው ወባ መሆኑን በአገራችን ያልተማረው ሁሉ ያውቀዋል። አባቴን ቢሆን የያዘው፣ እማማ አስካለ ራሳቸው ወባ ነው ይሉ ነበር። ያገባች ሴት ስታስመልስ ግን ሌላ በሽታ ለማንም ትዝ አይለውም። ወባው ለነገሩ እናቴን ጥቂት አንገላቶ ተዋት። የተረገዘበት መባሉ ግን ቂርቆስ ላይ ቀረ።

የተረገዘበት ልጅ ጡት አይጠባም። የነፍሰ ጡር ወተት ለእሱ መርዝ ነው ይባላል፤ በሆድ ያለውም ይቀናበታል። ስለዚህ እናቴ የዚያኑ ሰሞን ጡት አስጣለችው። እንደ ጥላቻ ያየሁት ነገር ልጇን ከመርዝ ማዳኗ ነበር።

ቂርቆስ አጥሚትና ድንች ጀመረ። ሲጠማው ከምንጩ የተቀዳ ውሃ በጣሳ ይሰጡታል። ምንጫችን በክረምት ከብቱም ጎርፉም ስለሚገባበት መልኩ እንደ ሻይ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሆዱ ሄደ። መጀመሪያ ማንም አልደነገጠም፤ ጡት የጣለ ልጅ ሆዱ ይሄዳል። ከዚያ ግን አላቆም አለ። እናቴ የቆሸሸውን ጨርቅ አጥባ ሳትጨርስ ሌላ ይጨመርባታል። ቤቱ ጨርቅና ዝንብ ብቻ ሆነ። ሽታው እንጀራውም ላይ ያለ እየመሰለኝ ምግብ አስጠላኝ።

"ይውጣለት" አሉ እማማ አስካለ። "የክፉው ወተት ርዝራዥ ነው። አየሽ፣ ቀድመን ባናስጥለው ኖሮ ምን ሊሆን እንደነበር?"

ጭራሽ ተቅማጡ የእሳቸውን ቃል እውነተኛነት የሚመሰክር ሆነ። ልጁ በባሰበት ቁጥር እሳቸው ይበልጥ ትክክል ይሆናሉ።

ውሃም ከለከሉት። ከላይ እየቀዱበት ከታች እንዴት ይደርቃል? የውሃውን እንስራ ከድነው ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጫኑበት። ክፉ ሰው ስለሆኑ አይደለም። ቂርቆስን ከእኔ አብልጠው ይወዱት ነበር፤ በአንድ እጃቸው ታቅፈውት በሌላው ለእመቤታችን ስለት ሲሳሉ ሰምቻቸዋለሁ። አምስት ልጅ ወልደው አባቴ ብቻ ነው የተረፈላቸው። እሱንም ያተረፉት እንደዚሁ አድርገው መሆኑን ይናገሩ ነበር። እንግዲህ ይህን የምትናገርን እናት ማን ይከራከራታል?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጥሎ ሲያባራ ቂርቆስ እየዳኸ ደጃፉ ላይ ደረሰ። መራመዱን ትቶት ነበር። ከቆርቆሮው ጠርዝ የሚንጠባጠበውን ውሃ በመዳፉ እየተቀበለ ይልሳል፤ ካመለጠው ደግሞ መሬቱን ይልሳል። ሁላችንም ሳቅን። እማማ አስካለም ሳቁ፤ "አይ የኔ ብልጥ" ብለው አንስተው ወደ ውስጥ አስገቡት።

እዚህ ላይ ስደርስ ዛሬም እናደዳለሁ። በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም።

የጤና ኤክስቴንሽኗ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ሠርክአዲስ ትባላለች፤ የፍኖተ ሰላም ልጅ ናት። በየቀበሌው መመደብ የጀመሩት ያን ጊዜ ነው። ጃንጥላ ይዛ፣ ጫማዋ በጭቃ ተለውሶ ገባች። ቂርቆስን ስታየው ፊቷ ተለዋወጠ።

"ውሃ ይጠጣል?"

"አይጠጣም" አሉ እማማ አስካለ።

"ጡትስ?"

"ተረገዘበት።"

ሠርክአዲስ ወደ እናቴ ዞረች። "ተመርምረሻል? ጤና ጣቢያ ሄደሽ?"

እናቴ መሬት መሬት አየች። የመለሱላት አያቴ ናቸው። "አግብተሻል ልጄ?"

"አላገባሁም እማማ።"

"ወልደሻል?"

"ኧረ አልወለድሁም።"

"እንግዲህ ውለጅና ነይ፤ ያን ጊዜ እንጨዋወታለን።"

ቤት ውስጥ የነበሩት የጎረቤት ሴቶች ሳቁ። ሠርክአዲስም አብራ ሳቀች፤ ምን ታድርግ። ግን አልሄደችም። እናቴ አጠገብ ቁጭ አለችና፣ "እሽ፣ ይሁን፣ አርግዘሻል። ብታረግዥም ጡት ስጭው፤ ምንም አይለውም። ይኸን የተቅማጥ ዱቄት ደግሞ ተፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጠሽ በማንኪያ ጥቂት በጥቂት አጠጭው። ካልተሻለው ነገ ፍኖተ ሰላም ውሰጅው። እንዳትዘገይ" አለቻት። የዱቄቱን ትንንሽ ከረጢቶች እጇ ላይ አስቀምጣ ወጣች።

እናቴ በጠበጠችው። እማማ አስካለ ለኪዳን ቤተ ክርስቲያን እስኪሄዱ ጠብቃ ነው። ቂርቆስ ጣሳውን ሲያይ በሁለት እጁ አንቆ ያዘው፤ ማንኪያው ምን ሊሆን፤ በአንድ ትንፋሽ ገለበጠው። ወዲያው መልሶ አስመለሰው። አያቴ ሲመለሱ እናቴ ደረቷ ላይ የፈሰሰባትን እየጠረገች ነበር።

"አየሽ፣ ሆዱ ራሱ አልፈልግም አለ" አሏት፤ ቁጣ እንኳ አልነበረበትም። የቀሩትን ከረጢቶች ጣሪያው ሥር ሰኳቸው።

ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው የቂርቆስን እጅ ነው። ያችን ኮሳሳ እጁን ወደ እናቴ ደረት ይሰድዳል፤ እሷ ይዛ ትመልሰዋለች። ይሰድዳል፤ ትመልሰዋለች። አፉን ከፍቶ ያለቅሳል፤ ዓይኑ ግን ደረቅ ነው።

"እንባ እንኳ የለውም" አሉ እማማ አስካለ። "ጡቱን ሽቶ የሚያስመስለው ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።"

ተረቱን አውቀው ነበር፤ ትምህርት ቤትም ተምረነዋል። ስለዚህ እኔም አመንሁ። ፊቱ ድረስ ቀርቤ እንባ ፈለግሁበት፤ የለም። "አስመሳይ!" አልሁት። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀምጣለች። ቀሚሷ ደረቱ ላይ፣ ሁለት ቦታ ላይ፣ ርሶ ነበር። ውሃ ስትጠጣ የፈሰሰባት መስሎኝ፣ ለእሱ ከልክላ እሷ ትጠጣለች ብዬ በጣም ጠላኋት። ውሃ አልነበረም። ልጇ ባለቀሰ ቁጥር ወተቷ እየፈሰሰ ነበር።

በመጨረሻ ቂርቆስ ዝም አለ። ልቅሶውም ቀረ፤ እጁን መስደዱም ቀረ። ተቅማጡም ቢሆን ቀነሰ። እማማ አስካለ እግዚአብሔርን አመሰገኑ፤ "ተኛልን፣ ወጣለት" አሉ። ቤቱ ውስጥ የሰላም አየር ገባ። እኔም በደስታ ልጫወት ወጣሁ።

አባቴ ከእርሻ ሲመለስ ወንድሜ ከመደቡ ላይ ተኝቶ ነበር። አባቴ ልጅ ሲታመም ጣልቃ የማይገባ ሰው ነው፤ የሴቶች ጉዳይ ነው ይላል። ያን ቀን ግን ምን እንደታየው እንጃ፣ ጎንበስ አለና የቂርቆስን የሆድ ቆዳ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ለቀቀው። ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቀረ። አባቴ ከብት ሲታመም እንዲህ አድርጎ ነው የሚያየው።

"ይህ ልጅ ደርቋል" አለ። ወደ እናቱ አላየም። ወደ እናቴ ዞሮ፣ "ያምሮት፣ ጥጃ ቢሆን እኮ ውሃ እንግተው ነበር" አላት።

 እማማ አስካለ አንዴ ከንፈራቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። እናቴ አንቀልባውን ከግድግዳው አወረደች።

እኔ አልቅሼ ተከተልኋቸው። ጭቃው እግር ይይዛል፤ አባቴ ከፊት፣ እናቴ ቂርቆስን አዝላ ከመካከል፣ እኔ ጨርቁን ተሸክሜ ከኋላ። አስፋልቱ ላይ ብዙ ቆምን። አይሱዙዎቹ ጭቃ እየረጩብን ያልፋሉ። በመጨረሻ ከቡሬ የመጣ ሚኒባስ ቆመልን።

ውስጥ አንዲት ዶሮ የያዙ ሴትዮ ነበሩ። ቂርቆስን አይተው፣ "ኧረ ጡት ስጭው እናቱ፤ ምን ትጠብቂያለሽ?" አሏት። እናቴ አባቴን አየችው። አባቴ በመስኮት ወደ ውጭ ያይ ነበር። እናቴ ልጁን ወደ ፊቷ አዞረችውና ጡቷን አውጥታ ሰጠችው። ወተቱ ሳይነካ ፈሰሰ፤ ጉንጩ ላይ፣ አንገቱ ላይ ወረደ። እሱ አፉን አልከፈተም። በጣቷ ከንፈሩን ከፍታ አስገባችለት፤ አልሳበም። "የኔ አባት፣ እንካ፣ እንካ ልጄ" ትለዋለች።

አኮረፋት ብዬ ደስ አለኝ። የእጇን አገኘች አልሁ። መሳብ የማይችል መሆኑን የማወቅ ዕድሜ አልነበረኝም።

ፍኖተ ሰላም መነኸሪያ ስንወርድ አባቴ ባጃጅ ሊፈልግ ሮጠ። ይዞ ሲመለስ እናቴ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጣለች። በጆሮው የሆነ ነገር ነገረችው። አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ባለባጃጁን በእጁ ሂድ አለው። ሐኪም ቤት ሳንሄድ ብዙ ተቀመጥን። ከዚያ አባቴ ተነስቶ ሸንኮራ ገዛልኝ። ከመቼውም የበለጠ ረጅም ሸንኮራ ነበር።

ወደ ቡሬ የሚሄድ ሚኒባስ ስንሳፈር እናቴ ቂርቆስን በነጠላዋ ሸፍናው ነበር። "ተኝቷል" አለችኝ፤ "እንዳትቀሰቅሽው።" አቅፋው ትወዘውዘዋለች፤ ቀስ አድርጋ ጀርባውን መታ መታ ታደርገዋለች። እኔ ኩራቴ ለብቻው ነው። ከተማ ታሞ የሄደ ድኖ ይመለሳል፤ ይኸው ደግሞ እናቴ ታርቃው ታቅፈዋለች። ረዳቱ ሳይጠይቀኝ፣ "ወንድሜ አሞት ነበር፤ አሁን ተሻለው" አልሁት።

"እሰይ፣ እሰይ የኔ ቆንጆ" አለኝ። እናቴ ፈገግ አለችለት። እውነቴን ነው፣ ፈገግ አለች።

ሬሳ የያዘ ሰው ሚኒባስ አይሳፈርም። ቢያውቁ መንገድ ላይ ያወርዱናል፤ ወይም መኪና ለብቻ ኮንትራት ያዙ ይሉናል። አባቴና እናቴ ይህን ሳይነጋገሩ ያውቁታል። በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ እናቴ የሞተ ልጇን አስተኝታ መጣች። ወርደን መኪናው ከዓይን ሲሰወር ከመንገዱ ዳር ቁጭ አለችና ጮኸች። እኔ ሸንኮራዬን እንደያዝሁ ቆሜ፣ አሁን ገና ለምን እንደምትጮኽ ግራ ገባኝ።

ቂርቆስ በማግስቱ ተቀበረ። ለቀስተኛው እየገባ እናቴን የሚያጽናናት በአንድ ቃል ነው፤ "እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። በሆድሽ ያለውን ያሳድግልሽ።" እማማ አስካለ ፊታቸውን ነጭተው ደም በደም ሆነው ነበር፤ እሳቸውም ይህንኑ ይሏታል። እናቴ "አሜን" ትላለች።

ልቅሶው ካለፈ በኋላ ጨርቁን ልታጥብ ወደ ወንዝ ወረደች፤ እኔም ተከተልኋት። ጎንበስ ብላ ስታጥብ ቀሚሷ ከኋላ ደም ነክቶት አየሁ።

"እማዬ፣ ደም! ድንጋይ ቆረጠሽ?"

ቀሚሷን ዞር አድርጋ አየችው።  ከቆመችበት ውሃው ውስጥ ቁጭ አለች፤ የታጠበው ጨርቅ ሁሉ በወራጁ ሲወሰድ አላየችውም። ስጠራት ስላልሰማችኝ ሮጬ አያቴን ጠራሁ። እማማ አስካለ ደረታቸውን እየደቁ መጡ። "ሐዘኑ አስወረዳት! ሁለቱንም ወሰደብኝ!" አሉ። ሴቶቹ እንደገና ምግብ ይዘው መጡ። እኔም አደይን፣ ያችን ያልመጣች እህቴን፣ ለብቻዬ ጓሮ ሄጄ አለቀስሁላት። ከቂርቆስ ይልቅ ለእሷ ያለቀስሁት ይበልጣል።

አሁን ቡሬ ነው የምኖረው። ልብስ እሰፋለሁ፤ አንድ ወንድ ልጅ አለኝ፤ ሁለተኛውን ጸንሻለሁ። አያቴ ካረፉ ቆይተዋል። ባለፈው፣ ተዘግቶ የነበረው መንገድ ሲከፈት ጠብቃ፣ እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች። ልጄ ከጨዋታው ሮጦ መጥቶ ያበጠው ሆዴ ላይ ተደግፎ መጥባት ጀመረ። እናቴ የያዘችውን ትታ ታየው ጀመር።

"ጡት አላስጣልሽውም?"

"አላስጣልሁትም።"

"ሆዱን አላመመውም?"

"ምንም አላለውም፤ ይኸው እንደምታይው ነው።"

 እኔም የማይነሳውን አነሳሁት። "ያችኛዋም ባያስወርድሽ ኖሮ ይኸን ጊዜ ትልቅ ሴት ነበረች" አልኋት።

"ምንም አላስወረደኝም" አለች እናቴ። "የወር አበባዬ ነው የመጣው፤ እንደ ማንኛዋም ሴት። ያረገዝሁት ነገር አልነበረም።"

"እማማ አስካለ አላወቁም?"

"እስኪሞቱ ሁለት ቀበርሽ እያሉ አለቀሱልኝ። ምን ብዬ ልንገራቸው?"

እጇን ያዝሁት።  "አንቺ በምን ታውቂ ነበር፤ እሳቸው ያሉትን ነው ያመንሽው" አልኋት።

ልጄ ጠግቦ ጡቱን ለቀቀና እየሮጠ ወደ ጨዋታው ተመለሰ። እናቴ እጇን ከእጄ አወጣች።

"አንቺንም እሱንም አርግዤ አውቃለሁ እኮ" አለች። "ሴት ገላዋን ታውቃለች። ከመጀመሪያውም እንዳላረገዝሁ አውቅ ነበር። ያጣሁት፣ አማቴን ተሳስተዋል የምልበት አፍ ነው።"